የታጠነ ሳሙና

እናቴ ደብረ ማርቆስ የመጣችው ለዓይኗ ነበር። የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጋርዷቸው ሰውን በድምፁ፣ በሩን በእጇ እየዳበሰች ትለይ ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከይጁቤ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ትኖር ነበርና፣ አንድ ቀን ወንድሜ ደወለልኝ።

"እማ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የራሷን ቤት አልፋ የጎረቤት ቤት ገባች" አለኝ። "እነሱ ስቀው ሸኟት፤ እሷ ግን ስታለቅስ አመሸች። ወደ አንቺ ላመጣት ነው።"

በማግስቱ በሚኒባስ ይዟት መጣ። ሐኪሙ ብርሃን እየፈነጠቀ አያትና ዓይኗ በቀዶ ሕክምና ሊድን እንደሚችል፣ ነገር ግን ተራ መጠበቅ እንዳለባት ነገረን። በዚያን ሰሞን መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ መድኃኒቱም ቀዶ ሐኪሞቹም በጊዜው አይደርሱም። ወንድሜ አጨዳ ደርሶበት ተመለሰ። እናቴ እኔ ዘንድ ቀረች።

እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ትዳር ይዤ ነበር፤ ልጅ ሳንወልድ ተለያየን። ከሥራ ስወጣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ስለሚከብደኝ፣ በቀበሌያችን ለሴቶች የተሰጠ የሳሙና አሠራር ሥልጠና ገብቼ ነበር። አብረውኝ የሠለጠኑት አብዛኞቹ ተዉት። እኔ ቀጠልኩበት። ከሥጋ ቤት ሞራ አመጣለሁ፣ አቅልጬ አጠላለሁ፣ የኑግ ዘይት እቀላቅልበታለሁ፣ ኮስቲክ ሶዳውን ጓሮ ወጥቼ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ አፈስበታለሁ፤ ከዚያ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ማማሰል ነው። ለሽታው ጠጅ ሳር ወይም የሎሚ ልጣጭ ዘይቱ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። ለጎረቤት እሰጣለሁ፣ የሚተርፈውን እሸጣለሁ።

እናቴ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ሞራ ሳቀልጥ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዳምጠኝ ነበር።

"ምንድን ነው የሚንጫጫው?" አለችኝ።

"ሞራ ነው፣ እማ። ለሳሙና።"

"ታዲያ የእኔን ከዓይኔ ላይ ገፍፈሽ ብትጨምሪበት ሁለታችንም በተገላገልን ነበር!"

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። የቄስ ሚስት ናት፤ ቅኔ ሲቀኙ ከሚያድሩ ሰዎች መካከል ዕድሜዋን ሙሉ ኖራለች። ቃል ሲወድቅ አንስታ አገላብጣ ሳታይ አታልፍም።

ከመንደር ስትመጣ ይዛ የመጣችው ትንሽ ጥቅልል ነበረች። ውስጧ የአባቴ ጥምጣም ነው፤ ቅዳሴ ሲሄድ የሚጠመጥመው ነጭ ሻሽ። ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ ጥቅልሉን ትፈታና ሻሹን ፊቷ ላይ ታደርገዋለች። ጥቂት ትቆያለች። ከዚያ መልሳ ትጠቀልለዋለች። እኔ ለሥራ እየተሰናዳሁ በጎን አያታለሁ፤ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። አንድ ቅዳሜ ግን ጥቅልሉን ሳትመልስ እጇ ላይ እንደያዘች ጠራችኝ።

"ነይ እስኪ። አሽትቺው። ምን ምን ይላል?"

አሸተትኩት። የቆየ ጨርቅና የሣጥን እንጨት ሽታ ነው። ምን ብዬ ልንገራት?

"ጠፋ አይደል?" አለች። "ሽታው ጠፍቶ ነው ወይስ አፍንጫዬም እንደ ዓይኔ ሊተወኝ ነው ብዬ ነው የጠየቅሁሽ። ዓይኔ ደኅና ቢሆን ኖሮ አባትሽን በፎቶግራፍ አያቸው ነበር። ካረፉ ወዲህ በዚህ ነበር የማያቸው።"

አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ገና ከአጥሩ በር ሽታው ይቀድመው ነበር። ልጅ ሆኜ ሮጬ እግሩ ላይ ስጠመጠም አፍንጫዬ የሚሞላው ያ ሽታ ነው። የሌላ ሰው አባት የላብና የአፈር ሽታ እንዳለው ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። የእኔ አባት ዕጣን ዕጣን ይል ነበር፤ ዕጣን ብቻም አይደለም፤ ሌላም ነገር ነበረበት፤ ያን ጊዜ ግን ምን እንደሆነ አልመረመርኩትም። አባት ነዋ። አባት ይመረመራል እንዴ?

"አንቺ ሳሙናሽ ላይ ጠጅ ሳር ትጨምሪ የለ?" አለች እናቴ ሻሹን እየጠቀለለች። "ዕጣን አይገባበትም?"

እንዲህ ነው የተጀመረው።

በዚያው ቀን ገበያ ወጣሁ። ዕጣን ሻጯ ከመተማ የመጣ ነው ያለችኝን ነጩን ዕጣን መርጣ ሰጠችኝ፤ ከርቤም ጨመርኩ። ለምን እንደሆነ ስነግራት፣ "ሳሙና? ይሁን እንግዲህ፣ የእጅ ሥራ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። ቤት ገብቼ ዕጣኑን በሙቀጫ ወቀጥኩት። እናቴ ዘነዘናውን ተቀብላኝ ወቀጠች፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም አለች። ሳሙናው ሊወፍር ሲል ዱቄቱን ነሰነስኩበት። ወዲያው ድስቱ ውስጥ ቋጠረ። ማማሰያው ቆሞ ቀረ። እየጫርኩ አውጥቼ ቅርጹ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ሲደርቅ እንደ አሸዋ የሚፍቅ ሆነ፤ ሽታውም ቢሉ ከኮስቲኩ በታች ተቀብሮ ነበር።

"በዚህስ ድስት ይታጠብበታል" አለች እናቴ እየዳበሰች። እውነትም ድስት አጠብንበት።

ቀጥሎ ሌላ መንገድ ሞከርኩ። ዕጣኑን በማሰሮ የኑግ ዘይት ውስጥ አድርጌ፣ ማሰሮውን የሞቀ ውኃ ውስጥ አስቀምጬ፣ ከሰል ምድጃው ላይ በቀስታ አዋልኩት። ዘይቱ የዕጣኑን ጠረን ወሰደ፤ በጨርቅ አጠለልኩት፤ ደስ አለኝ። ሳሙናውን ሠርቼ መደርደሪያ ላይ ሲደርቅ ግን ሽታው በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። ስቆርጠው የነበረው ኋላ አልነበረም። የሥልጠናው ጓደኛዬ፣ አጠገባችን የምትኖረው፣ መጥታ አየችና፣ "ኮስቲኩ እየበላብሽ ነው። ሳሙናውን መጀመሪያ አብስዪው፤ ኮስቲኩ ሥራውን ይጨርስ፤ የዕጣኑን ዘይት መጨረሻ ላይ ጨምሪ" አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። ያን ጊዜ ሽታው ቆመ። ከርቤውን ግን እናቴ ጥቅሉ ገና ሲከፈት እምቢ አለች።

"ይሄ የቁስል መድኃኒት ነው የሚሸተኝ። አባትሽ ቁስል አልነበሩም" አለች።

ከርቤውን ተውነው። ዕጣኑ ብቻ የገባበትን ሳሙና ቆርጬ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። እንደ ፈተና ውጤት ነበር የምጠብቀው። አገላበጠችው፤ አሸተተችው፤ ደግማ አሸተተችው።

"ዕጣን ነው" አለች።

"ነው እንጂ።"

"ጥሩ ዕጣን ነው። እግዜር ይስጥሽ።" ሳሙናውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ቆይታ፣ "እሳቸው ግን አይደሉም" አለች።

የቀረውን ሳሙና ወደ መደርደሪያው መለስኩ። እሷም ገባት መሰለኝ እጄን ፈልጋ ያዘችው። "አትዘኚ። ሱቅ ውስጥ ያለ ዕጣን ነው የሚሸተኝ፤ ጥሬ። አባትሽ ጥሬ ዕጣን ይዘው አይመጡም ነበር።"

ነገሩ ያን ጊዜ ነው የተገለጠልኝ። አባቴ ላይ የነበረው ጭሱ ነው፤ ጽናው ውስጥ ከፍም ላይ ነድዶ፣ መቅደሱን ዞሮ፣ ልብሱ ላይ ያደረ ጭስ። ግን ጭስ እንዴት አድርጎ ሳሙና ውስጥ ይገባል? ጎረቤታችን ላሟን እያለበች ነበር፤ ወተቱ ዕቃው ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ማን ቀድሞ እንዳሰበው አሁን ላይ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እናቴ "የወተት ዕቃ" ስትል እኔ "ማጠን" ስል አንድ ላይ ሆነ።

በእኛ አገር የወተት ዕቃ ሳይታጠን ወተት አይገባበትም። የወይራ ፍልጥ ይለኮስና ቅሉ አፉን ተደፍቶ ጭሱን ይጠጣል፤ ወተቱም ቅቤውም ያን ጭስ ይወስዳል። ቅቤ ከወሰደ ሞራስ ለምን አይወስድም?

እናቴ ከበርጩማዋ ተነሣች። እንደዚያ ቀልጠፍ ብላ ስትነሣ ካየኋት ቆይቼ ነበር። "ፍም አምጪ" አለችኝ። ፍሙን በሸክላ ገል አቀረብኩላት፤ እጇን ይዤ የት እንዳለ አሳየኋት። ዕጣኑን ቆንጥራ ጣለችበት፤ ጭሱ ሲነሣ በፊቷ ሙቀቱን እየለካች ማሰሮውን ደፋችበት። ጭሱ እንዳያመልጥ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ከበበችው። ሲበርድ ገልብጣ ቀልጦ የቀዘቀዘውን ሞራ አስጨመረችኝና ከደነችው። አሳድረን እንደገና አጠንን። በየማታው ከሥራ ስመለስ ፍሙን አያይዛ ትጠብቀኛለች፤ እሳት ይፈጃታል ብዬ ብፈራም ከልክዬ አልከለከልኳትም። ከባሌ ከተለያየሁ ወዲህ በር ከፍቼ ስገባ ሰው ሲጠብቀኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማሰሮው እስኪታጠን ተቀምጠን እናወራለን። ያን ጊዜ ነው ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን የነገረችኝ።

"አባትሽ ሊያጩኝ ሲመጡ ዲያቆን ነበሩ" አለች። "አባቴ ገበሬ ነው፤ መጀመሪያ የጠየቃቸው መሬት ነው። 'የመሬት ዕጣህ የት ነው የወጣልህ?' አላቸው። መሬት የላቸው። እና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? 'የእኔ ዕጣ ዕጣን ነው' አሉ። አባቴ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። አባቴ ቃል ይወድ ነበርና ለዚያች ለአንዷ ቃል ሲል ሰጠኝ።"

"አንቺስ ወደድሻቸው?"

"እኔ ከጓዳ ሆኜ ነው የሰማኋቸው። አላየኋቸውም።" ፈገግ አለች። "መጀመሪያም መጨረሻም ሳላያቸው ሆነ የእኔና የእሳቸው ነገር። ያመማቸው ጊዜ ዓይኔ ደክሞ ነበር። ፊታቸው እንዴት ሆኖ እንደነበር ሰው ነው የነገረኝ።"

ሌላ ማታ ደግሞ ሞራውን በጣቷ ነክታ አሸተተችና ራሷን ነቀነቀች። "ቀርቧል። አንድ ነገር ግን ይቀረዋል። አባትሽ ከዕጣኑ ሌላ ምን ምን ይሉ ነበር?"

ዓይኔን ጨፍኜ ልጅነቴን ፈለግሁት። አባቴ ክረምት ክረምት ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ ጧፍ ይሠራ ነበር። ቀፎ ነበረን፤ ሰሙን አቅልጦ ክሩን እየነከረ በመዳፎቹ መካከል ያንከባልለዋል። መዳፉ ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ነበር። ጭንቅላቴን ሲዳብሰኝ ፀጉሬ ይያዝ ነበር።

"ሰም" አልኩ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ሰም ነው! በስመ አብ፣ ሰም እኮ ነው!"

ሰም ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ከማር የተጣራ ንጹሕ ሰም አገኘሁ፤ ከታጠነው ሞራ ጋር አቀለጥኩት። ሰም ሳሙናን ያጠነክረዋልና ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት። ሳሙናውን አብስዬ፣ መጨረሻ ላይ ጭሱ ካጠገበው ሞራ ለብቻው ያስቀረሁትን አዋሕጄ፣ ቅርጹ ውስጥ ገለበጥኩ። እናቴ እስኪደርቅ አልታገሥም ብላ በየቀኑ "ዛሬስ?" ትላለች። እኔም "ይጠንክር፣ እማ፤ እጅሽን ይበላሻል" እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም የፈራሁት ነገር ነበር። ይሄም "አይደሉም" ከተባለ ሌላ የምሞክረው አልነበረኝም።

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለ አንዱን አንሥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ትከሻዋ ቀጥ አለ። ፊቷን ወደ ደጃፉ አዞረች፤ ሰው እንደገባ ሁሉ።

"መጡ" አለች።

እኔም አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለታችንም አለቀስን፤ የቀብር ለቅሶ አልነበረም፤ እንዲያው ቀስ ብሎ የሚወርድ ነበር። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ "ምን ሆናችሁ? ከአገር ቤት መርዶ መጣ እንዴ?" ብላ ደነገጠች። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠራርጋ፣ "እንግዳ መጥቶብን ነው" አለቻት።

ታጠቢበት ብላት እምቢ አለች። ይሟሟብኛል ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያዘችው። ቆይታ ግን አንድ ጠዋት ራሷ ውኃ አስቀድታኝ ፊቷንና እጇን ታጠበችበት። አፍንጫዋን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ውኃው ሲደርቅ ሽታው አብሮ ሳሳ።

"ይመጣሉ፤ ግን አይቀመጡም" አለች። "ድሮም ቤት አይቀመጡም ነበር።"

የዓይኗ ተራ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ ተከፍቶ ሐኪሞቹ መጡ፤ መጀመሪያ አንዱን ዓይኗን፣ ቆይተው ሌላውን ሠሩላት። ፋሻው ሲነሣላት ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። "ሽበት አወጣሽ እንዴ፣ ልጄ?" አለችኝ። ቤት ስንገባ መጀመሪያ የፈለገችው ሳሙናውን ማየት ነበር። አወጣሁላት። ጭሱ አጥቁሮት፣ ሰሙ አጠይሞት፣ እንደ ጭቃ ጡብ የመሰለ ነገር ነው።

"ይሄ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። "ምነው እንዲህ አስቀየምሻቸው!"

በዚያን ሰሞን እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር! አብረን ገበያ እንወጣለን። ባጃጅ ውስጥ ሆና የምታየውን ሁሉ፣ ሰውን፣ ፎቁን፣ የተማሪዎቹን አለባበስ እየጠቆመች ትጠይቀኛለች። እኔም በልቤ፣ ከእንግዲህ አብራኝ ትኖራለች፣ ማታ ማታ ሳሙና እንሠራለን፣ እያልኩ ቤቱን በአዲስ መልክ አሰናዳሁ። ጓሮውን በቆርቆሮ አስከደንኩ። የእሷን አልጋ ፀሐይ ወደሚገባበት ክፍል አዛወርኩ።

አንድ ማታ ራት በልተን ስንጨርስ እጄን ያዘችኝ።

"የምነግርሽ አለኝ" አለች። "ዓይኔ ሳይበራ ተስዬ ነበር። ብርሃኑን ከመለስክልኝ በደጅህ ቆቤን ደፍቼ እኖራለሁ ብዬ ነበር። መለሰልኝ። ከነፍስ አባቴም ጋር ተነጋግሬያለሁ። ልመነኩስ ነው።"

"የት?"

"አባትሽ ባገለገሉበት ደብር። ሴት መነኮሳት አሉ፤ ጎጆ ይሰጡኛል።"

"ገና አሁን አየሽኝ እኮ፣ እማ!" አልኳት። ጮኼ ነበር። "ገና አሁን ነው ያየሽኝ!"

"አየሁሽ፣ ልጄ። ጠግቤ አየሁሽ" አለች። እጄን አልለቀቀችም። "ስለት ነው። ስለት ደግሞ ሲደላኝ ልክፈልህ አይባልም።"

ሌሊቱን ሁለታችንም እንዳልተኛን በአተነፋፈሳችን አውቃለሁ። አልተከራከርኳትም። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ስለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማወቅ የሚከብደውን አያቀልም።

ስትሄድ ከሳሙናው የቀረውን ሁሉ በወረቀት ጠቅልዬ ጓዟ ውስጥ ላስገባ ስል ቀስ ብላ አወጣችው። "ይሄ አንቺ ዘንድ ይቅር" አለችኝ። "መነኩሲት ሽታ አትፈልግም። ለእኔ ስትሠሪ ሽታ የሌለው ይሁን። ንጹሕ ሞራና ዘይት ብቻ።"

እንደዚያ የሆነ ሳሙና ሠርቼ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የሆነ ነገር እጨምርበታለሁና። ለእሷ ስሠራ ግን እጄን እየሰበሰብኩ፣ ምንም ሳልጨምር፣ ሞራውን ደጋግሜ በውኃ አፍልቼ ሽታውን አወጣለሁ። ከዕጣኑ ይልቅ ይሄኛው ከበደኝ። ነጭ ሆኖ ሲወጣ ይዤላት ሄድኩ።

ጎጆዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር፣ ከጽዱ ጥላ አጠገብ ነው። ቢጫ ልብሷን ለብሳ፣ ቆቧን ደፍታ ከደጃፏ ላይ ተቀምጣ እህል ስትለቅም አገኘኋት። ከሩቅ ለየችኝና ተነሥታ መጣች። የድሮ ስሟን ልጠራ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አሁን ሌላ ስም አላት። "እማ" አልኳት፤ እሱ አልተለወጠም። ሳሙናውን አሸተተችውና፣ "እጅ ይባረክ፤ ምንም አይልም" አለች ደስ ብሏት። ቆሎ አቀረበችልኝ። ስለ ወንድሜ ከብቶች፣ ስለ እኔ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ጎረቤታችን ላም አወራን። አባቴን አላነሣንም። ጥምጣሙን የት እንዳደረገችው ልጠይቃት ፈልጌ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መኪና እንዳያመልጠኝ ተነሣሁ። እስከ ዳገቱ ጫፍ ሸኘችኝ። "በይ እዚህ ይበቃል፤ ከዚህ ወዲያ አልወርድም" አለችኝና ግንባሬን ሳመችኝ።

ቁልቁለቱን ወረድኩ። ዞር ስል ቆማለች። ወንዙን ተሻግሬ ዞር ስል አሁንም ቆማለች፤ ልብሷ እንደ አደይ አበባ ነጥብ ሆኖ ይታየኛል። ከቤት ወጥቼ ስሄድ እናቴ በዓይኗ ከሸኘችኝ ስንት ዘመን ሆኖታል። እጄን አነሣሁ። እሷም አነሣች። መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ ደርሼ ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲጠራኝ ወዲያው አልተሳፈርኩም፤ ረዳቱ "እኅቴ፣ ትሄጂያለሽ ወይስ አትሄጂም?" እስኪለኝ ድረስ ወደ ዳገቱ እያየሁ ቆምኩ።